ክረምቱ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌታችንና አማናችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዝናብ የአላህ እዝነት ነው። ገበሬው በጉጉት ይጠብቀዋል፣ ምንጩ ይሞላል፣ የደረቀች ምድርም ሕይወት ትዘራለች። ይሁን እንጂ ያው ዝናብ ለአንዱ በረከት ሲሆን ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝናብ ሲያዩ ጠቃሚ ዝናብ እንዲያደርገው አላህን ይለምኑ ነበር። ጥቅሙን ከለመንን ዘንድ ደግሞ ጉዳቱን ለመከላከል በእጃችን ያለውን ማድረግ ይገባናል። የዚህ ወር ርዕሳችን ከዚህ የሚነሣ ሲሆን፣ በቤታችን ደጃፍ መታየት ስለጀመረው የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ውሃ በላዩ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት እንነጋገራለን።

ነገሩ ለምን አሁን?

እንደሚታወቀው የከተማችን መጓጓዣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ተለውጧል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሞተር ብስክሌቶች ላይ ገደብ ጣለች። የነዳጅ ዋጋ በተደጋጋሚ ጨመረ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ተዘረጋ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመረቀ። ነዳጅ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከአገራችን ወንዞች የሚገኝ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ዕቁብ ደርሶት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቢገዛና ዕቃ በማድረስ ቤተሰቡን ለመርዳት ቢነሣ የሚያስገርም አይደለም።

በእኛ በየካና በእንጦጦ ግርጌ ለምንኖረው ነገሩ የበለጠ ይጠቅመናል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣውን ዳገት በተራ ብስክሌት የሚወጣው ጉልበተኛ ብቻ ነው። ለጠበል ማልደው የሚወጡ ጎረቤቶቻችንም ሆኑ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ እናቶች የዳገቱን ክብደት ያውቁታል። የእንጦጦ ከፍታ ወደ 3,200 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ከከተማው መሐል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ብዙ መቶ ሜትር ነው። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም ብስክሌት ለአካባቢው ልጆች አዲስ ነገር አይደለም።

ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቀበናን ሞልቶ፣ ጭቃና አሸዋ ይዞ መንገዱን ያጥለቀልቃል። ብስክሌቱን በበጋ የገዛ ሰው ንብረቱ ምን ያህል እንደሚችል የሚያውቀው በመጀመሪያው ክረምት ነው።

ሰበብ ማድረስና ተወኩል

አንዳንድ ወገኖቻችን «አላህ ይጠብቀዋል» ብለው ብስክሌቱን ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ያሳድሩታል። በእርግጥ ጠባቂው አላህ ነው። ነገር ግን በቲርሚዚ እንደተዘገበው፣ አንድ ሰው ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ እንደሆነ ወይም ለቅቆ ይመካ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቃቸው ጊዜ፣ አስሮ እንዲመካ ነግረውታል። ተወኩል ማለት ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ግመሏ ትናንት ለባለቤቷ የነበረችውን ዛሬ ብስክሌቱ ለዚያ ወጣት ነው። የማሰሪያው ገመድ ደግሞ ዕውቀት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ከሽፋኑ ሥር ያለውን እንወቅ።

በውስጡ ምን አለ?

የኤሌክትሪክ ብስክሌት አምስት ዋና ዋና የኤሌክትሪክ ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ባትሪው ነው። ብዙዎቹ የሊቲየም ሲሆኑ 36 ወይም 48 ቮልት ተብለው ይሸጣሉ። በ48 ቮልቱ ባትሪ ውስጥ 13 የሴል ረድፎች ተቀጣጥለው የሚገኙ ሲሆን፣ ሲሞላ እስከ 54.6 ቮልት ይደርሳል። ሴሎቹን የሚቆጣጠርና እኩል እንዲሞሉ የሚያደርግ አንድ ቀጭን ሰሌዳም አብሮ አለ። ሁለተኛው ከባትሪው ኃይል ተቀብሎ ለሞተሩ የሚያከፋፍለው ኮንትሮለር ነው። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ በኋላው ጎማ መሐል የሚቀመጠው ሞተር ነው። አራተኛው በመሪው ላይ ያለው ማሳያና የፍጥነት መስጫው ነው። አምስተኛው እነዚህን ሁሉ የሚያገናኘው ሽቦና ሶኬት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ቶሎ የሚበላሸው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሞተሩ ሳይሆን ሶኬቱ ነው። ውሃ በሽቦው ላይ ተንሸራቶ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

ውሃ እንዴት ያበላሻል?

ውሃ በሦስት መንገድ ይጎዳል።

አንደኛው ወዲያው የሚታየው ነው። ከሰማይ የወረደው ዝናብ ብቻውን ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። መንገድ ላይ ካለው አቧራ፣ ጨውና ጭቃ ጋር ሲቀላቀል ግን አስተላላፊ ይሆናል። እንዲህ ያለው ውሃ በሁለት የብረት ጫፎች መካከል ሲገባ ኤሌክትሪኩ ያልተፈቀደለትን አቋራጭ ያገኛል። ፊውዝ ይቃጠላል ወይም ሰሌዳው ይበላሻል። በፍጥነት መስጫው ሶኬት ውስጥ ከገባ ደግሞ ሞተሩ ሳይታዘዝ ሊዘል ይችላል። ይህ በቁልቁለት ላይ ቢያጋጥም ጉዳቱ በንብረት ብቻ የሚያበቃ አይሆንም።

ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። በእርጥብ ብረት ላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መዳቡ እየተበላ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ዛሬ የራሰው ሶኬት ከወር በኋላ ይሞታል። ይህ በባትሪው ሰሌዳ ላይ ከደረሰ አንዱ የሴል ረድፍ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደክማል፣ ሚዛኑም ይዛባል። ባለቤቱ «ባትሪው አረጀ» ይላል እንጂ ያለፈውን ክረምት ዝናብ አያስታውስም።

ሦስተኛው ለእኛ ለዳገተኞቹ የተለየ ነው። ሞተሩ ዳገት ሲወጣ በጣም ይሞቃል፣ በውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። በዚያው ሙቀት ቀዝቃዛ ኩሬ ውስጥ ሲገባ አየሩ በድንገት ይኮማተርና ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ በኩል እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ትኩስ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተደፍቶ ሲቀመጥ ውሃውን ወደ ላይ እንደሚስበው ማለት ነው። ስለዚህ ከዳገት በኋላ ኩሬ ካጋጠመ ዞሮ ማለፍ፣ ካልሆነም ሞተሩ በረድ እስኪል ጥቂት መቆየት ይሻላል።

በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር

አንዳንድ ሻጮች «ይህ ውሃ አይገባውም» ይላሉ። ንግግሩን ትተን የተጻፈውን እናንብብ። በባትሪው ወይም በሞተሩ ላይ «አይ.ፒ.» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። መለኪያውን ያወጣው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ይናገራል። ሁለተኛው ቁጥር 4 ከሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃን ይቋቋማል። 5 ከሆነ ከቱቦ የሚፈስን ውሃ ይችላል። 7 ከሆነ ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ይችላል ማለት ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል። ፈተናው የሚካሄደው በአዲስ ዕቃና በንጹሕ ውሃ ነው፤ የጎማ ማኅተሙ በፀሐይና በንዝረት ከደረቀ በኋላ ቁጥሩ የወረቀት ብቻ ይሆናል። ከዚህም ሌላ መጥለቅን ቻለ ማለት በኃይል የሚመታ ውሃን ይችላል ማለት አይደለም። ስለሆነም ብስክሌቱን ወደ ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ ማሳጠብ ከዝናቡ የባሰ ነው። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ማስለቀቅ ይበቃል።

ከክረምት በፊት የሚደረግ

1. ከፊትና ከኋላ ሙሉ ፓራፋንጎ ይደረግለት። ከሰማይ ከሚወርደው ይልቅ ጎማው ከመሬት የሚረጨው ጭቃ ውሃ ነው ወደ ባትሪውና ወደ ኮንትሮለሩ የሚገባው። ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ የሚጠቅመው ይህ ነው።

2. ሽቦዎቹ ወደ ሶኬት ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ዘንበል ብለው እንዲዞሩና ከዚያ ወደ ላይ እንዲወጡ ይደረግ። ውሃ ሁልጊዜ ዝቅ ወዳለው ይሄዳልና ከመታጠፊያው ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይወጣም።

3. ባትሪው ተነቅሎ፣ ኃይሉም ጠፍቶ ሶኬቶቹ አንድ በአንድ ይከፈቱ፤ በደረቅ ጨርቅ ይጸዱ። በአፋቸው ዙሪያ ለኤሌክትሪክ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይቀባና ይገጠሙ። የመኪና ግራሶ የጎማውን ማኅተም ሊያበላሽ ስለሚችል አይመከርም።

4. ሶኬቱን በናስትሮ ጥቅልል አድርጎ መዝጋት የተለመደ ስሕተት ነው። ውሃው መግቢያ አያጣም፣ መውጫውን ግን ያጣል። ከላይ ተሸፍኖ ከታች በኩል መፍሰሻ ይተውለት። የኮንትሮለሩ ሳጥን ከሥሩ ቀዳዳ ካለው አይደፈን።

5. በጉዞ ላይ ኮንትሮለሩን በፌስታል መጠቅለል አይገባም። በአየር የሚቀዘቅዝ ነውና ይታፈናል፤ በላብም ይርሳል። የመሪውን ማሳያ ግን ቆሞ ሳለ በፌስታል መሸፈን ይቻላል።

በዝናብ ቀን የሚደረግ

ውሃው ከጎማው መሐል ከደረሰ አይገባበትም። በእንዲህ ያለ ጎርፍ ውስጥ የሚጠፋው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን የተከፈተ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቅ ሰውም ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በአል-በቀራ ምዕራፍ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አዝዞናል። የአንድ ዕቃ መዘግየት ከአንድ ነፍስ ጋር አይወዳደርም።

ለጁሙዓም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ብስክሌቱ ውጭ የሚቆም ከሆነ ከጣሪያ ጠብታ ይራቅ። ባትሪው ለጥበቃ ተነቅሎ የሚወሰድ ከሆነ የባትሪው መቀመጫ ላይ ያሉት የብረት ጫፎች ተጋልጠው ይቀራሉና በደረቅ ጨርቅና በላስቲክ ይሸፈኑ። ባትሪውን ከነቀሉ በኋላ መቀመጫውን ለዝናብ ክፍት መተው ቤቱን ቆልፎ መስኮቱን እንደመርሳት ነው።

ቤት ሲገባ ጭቃው ይጠረግ፤ ሶኬቶቹ በጨርቅ ይድረቁ፤ ብስክሌቱም ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ይቁም። ከእንጦጦ ብርድ የመጣን ባትሪ እንጀራ ወደሚጋገርበት ክፍል ወዲያው ማስገባት አይገባም። የክፍሉ እንፋሎት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል። ከእንፋሎት ርቆ፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ውሃ ከገባበትስ?

መጀመሪያ ኃይሉን አጥፍቶ ባትሪውን መንቀል ነው። «ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» ማለት ሊድን የሚችለውን ዕቃ የሚገድል ንግግር ነው። ውሃው ብቻውን ከሚያደርሰው ጥፋት ይልቅ በውሃው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ይብሳልና። ኮንትሮለሩና ሶኬቶቹ ተከፍተው፣ ጭቃው ተጠርጎ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን ይድረቁ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም። ሩዝ ውስጥ መቅበርም ከሚታማለት ያነሰ ነው፤ ነፋስ ይበልጠዋል፤ የሩዙ ዱቄትም ሌላ ቆሻሻ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ከታየ በባለሙያ መጽዳት አለበት።

የባትሪው ሣጥን ውስጥ ውሃ ከገባ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ደርቋል ተብሎ ቻርጀር ላይ አይሰካ። በቤት ውስጥም አይከፈት፤ ከቻርጀሩ ቢነቀልም በውስጡ ኃይል አለውና። ከቤት ውጭ፣ ከእንጨትና ከሣር በራቀ፣ ዝናብ በማያገኘው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ባትሪ የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። ካበጠ፣ ከሞቀ፣ የተለየ ሽታ ካመጣ ወይም ከጮኸ ሰው ሁሉ ይራቀው። እሳት ከተነሣ መጀመሪያ ልጆችና አረጋውያን ይውጡ፤ ጭሱ መርዛማ ነውና ዕቃ ለማውጣት ተመልሶ መግባት የለም። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር የስልክ ቁጥር 939 መሆኑን ልጆቻችን እንደ ስማቸው ሊያውቁት ይገባል።

ሌሊት የሚሰካ ባትሪ

በብዙ ቤት አንድ ልማድ አለ። ወጣቱ ማታ ደክሞ፣ ረጥቦ ይመጣል፤ ባትሪውን በበሩ አጠገብ ሰክቶ ይተኛል። ቤቱ ያለው መውጫ አንድ በር ብቻ ነው። ግድግዳው ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ የራሰ ባትሪ ሌሊት ቢቀጣጠል የሚዘጋው የቤተሰቡ ብቸኛ መውጫ ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ በመዲና አንድ ቤት በሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ተቃጠለ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው እሳት ለሰዎች ጠላት መሆኑን ገልጸው፣ ሲተኙ እንዲያጠፉት አዘዙ። የዚያ ዘመን እሳት ኩራዝ ነበር። የእኛ ኩራዝ ቻርጀር ላይ ያደረ ባትሪ ነው። ስለዚህ የሚሰካው ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ ከደረቀ በኋላ፣ ከበሩና ከፍራሽ ርቆ ይሁን። ሲሞላ ይነቀል። ቻርጀሩም አብሮት የተሸጠው ወይም ቮልቱ በትክክል የሚገጥመው ይሁን። እናቶች ሆይ! የቤቱ አዛዦች እናንተ ናችሁና ይህን ደንብ ያለ ይሉኝታ አስከብሩ። ብስክሌቱ የልጃችሁ ቢሆንም ቤቱ የሁላችሁም፣ ግድግዳው ደግሞ የጎረቤትም ነው።

እርጥቡን ከላይ ማድረግ

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ባትሪው ውሃ ገብቶበት ደክሟል። ባለቤቱ ዕቁቡን ገና አልጨረሰም። አንድ ወዳጁ «አጽድተህ፣ ቀለም ቀብተህ ሽጠው፤ መስከረም ላይ ገዢ አይጠፋም» ይለዋል። ፈተናው ቀላል አይደለም። ዕዳ ያለበት ሰው ጭንቀት የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ግን ከ1,400 ዓመታት በፊት መልስ ተሰጥቶበታል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ቢጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው መንገድ እንዳልሆነም አስታወቁ።

ልብ በሉ! ዝናቡ የመታው በባለቤቱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር መደበቁ ነው። በእህሉ ክምር ላይ ገዢው የሚያጣው ገንዘቡን ነበር። በባትሪው ግን ገዢው ቤቱንና ልጆቹን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ውሃ የገባበትን ብስክሌት የሚሸጥ ሰው «ይህ ባትሪ ውሃ ገብቶበታል» ብሎ ይናገር። ሞተሩንና ጎማውን ለብቻ፣ ባትሪውን ለባለሙያ ይስጥ። ዋጋው ይቀንሳል፤ በረከቱ ግን አይቀንስም። የሚገዛም ሰው ሳያፍር ይጠይቅ፤ የሶኬቶቹን አፍ ከፍቶ አረንጓዴ ዝገት መኖሩን ይይ፤ የባትሪው ሣጥን ብሎኖች ዝገው ወይም ተፈትተው እንደሆነ ይመርምር። ዕዳው ያስጨነቀውን ወንድማችንን ደግሞ ዕቁብተኞቹ ቀን ቢያራዝሙለት፣ ጎረቤትም ቢያግዘው ከማታለል ያድኑታል። በችግር ላይ ላለ ባለ ዕዳ ጊዜ መስጠት ቁርኣን ያዘዘው ነው።

ውድ አንባቢያን! በዳገታችን ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መንገድ ይወጣል፣ አንድ ዝናብ ይመታዋል። ከላይ የተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ፓራፋንጎ፣ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት፣ ደረቅ ጨርቅና ትዕግሥት ናቸው። ብስክሌት ያለው ጎረቤት ካላችሁ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ንገሩት። ጎረቤትን ከጉዳት መጠበቅም ከጎረቤት ሐቅ ነውና።

አላህ ክረምታችንን የእዝነትና የጥቅም ያድርግልን፤ ልጆቻችንን ከመንገድ፣ ቤታችንን ከእሳት፣ ሪዝቃችንን ከሐራም ይጠብቅልን። አሚን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።